ከላይ ለምለም፣ ከሥር ወና፦ የደን ሽፋን ቁጥር የማይነግረን ነገር

ክረምት በገባ ቁጥር ሁለት ቁጥሮች ተያይዘው ይመጣሉ። አንደኛው የችግኝ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን 353 ሚሊዮን ችግኝ መተከሉ ተነገረ፤ ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአንድ ጀንበሩ ዕቅድ 700 ሚሊዮን ደረሰ። ሁለተኛው ቁጥር መቶኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከአገሪቱ ስፋት 17.2 በመቶ የነበረው የደን ሽፋን በ2023 ወደ 23.6 በመቶ ማደጉን መንግሥት ደጋግሞ ገልጿል። በትምህርት ቤት "40 በመቶ የነበረው ደናችን ወደ 3 በመቶ ወርዷል" እየተባለ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ከ3 ወደ 23 መቼ ተዘለለ?

ለጥያቄው ሁለት ዓይነት ፈጣን ምላሽ ይሰጣል። አንዱ ወገን የተአምር ያህል ያወድሳል፤ ሌላው ቁጥሩን በጅምላ ፈጠራ ይለዋል። ሁለቱም ግን ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ የነበረበትን ያልፉታል፦ የተቆጠረው ምንድን ነው?

ደን ብለን የምንቆጥረው

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ደን የሚለው፣ ስፋቱ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር፣ የዛፎቹ ቁመት ቢያንስ 5 ሜትር፣ የቅጠል ጣራው ደግሞ ቢያንስ 10 በመቶ የሆነ ቦታን ነው። የቅጠል ጣራ ማለት ባለሙያዎች ካኖፒ የሚሉት፣ ከላይ ሲታይ መሬቱን የሚሸፍነው የቅርንጫፍና የቅጠል ስፋት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 የራሷን ትርጉም አወጣች። ግማሽ ሄክታሩ እንዳለ ሆኖ ቁመቱ ወደ 2 ሜትር ዝቅ አለ፣ የቅጠል ጣራው ወደ 20 በመቶ ከፍ አለ። ቀርከሃም በስም ተጠቅሶ ገባ።

የቁመቱ ለውጥ ቀላል አይደለም። በቆላው የሚገኙት የግራርና የከርቤ ዛፍ ዝርያዎች፣ በምዕራብ ዝቅተኛ ቦታዎች ያለው የዛፍና የሣር ምድር 5 ሜትር ሳይሞላ የሚኖር በመሆኑ ቀድሞ ከደን ተራ ውጭ ነበር። ትርጉሙ ሲለወጥ ወደ ውስጥ ገባ። በፋኦ የ2010 ሪፖርት 11 በመቶ ግድም የነበረው ሽፋን ወደ 15.5 በመቶ ከፍ ያለውም በዋናነት በዚህ የተነሣ ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ የቆላው እንጨታማ ምድር የራሱ እንስሳት፣ ሙጫና ዕጣን፣ ካርቦንም ያለበት ሥርዓት ነውና መቆጠሩ ተገቢ ነው። ስሕተቱ የሚመጣው አዲሱን ቁጥር አንስቶ ከአሮጌው አጠገብ በማስቀመጥ ነው፤ በቁና የሰፈሩትን በጣሳ ከሰፈሩት ጋር እንደማወዳደር ያለ ነገር ነው። አሮጌው 40 በመቶም ቢሆን ምንጩ የጸና አይደለም። እንደ ጄምስ ማካን ያሉ የታሪክ ምሁራን የቀድሞ ተጓዦችን ማስታወሻዎች አገላብጠው፣ ያን ያህል ደን በዚያ ዘመን መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ እንደሌለ ተከራክረዋል።

አገሪቱ በአዲሱ ትርጉም ሠርታ ለተባበሩት መንግሥታት ባቀረበችው ሰነድ ውስጥ ከመቶኛው ይልቅ ትኩረት የሚያሻው ሌላ ቁጥር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2013 በየዓመቱ 92,000 ሄክታር ግድም ደን ሲጠፋ የተተካው 19,000 ሄክታር ያህል ነበር። የሚጠፋው ተፈጥሮ ያበቀለው ሊሆን ይችላል፤ የሚተካው ደግሞ ሰው የተከለው። መቶኛው እነዚህን ሁለቱን አይለይም። ከ40 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ መቶ ዓመት ያስቆጠረ ቀረሮና ከአምስት ዓመት በፊት የተተከለ ባሕር ዛፍ በሠንጠረዡ ላይ እኩል ናቸው።

ጣራው ሳይነካ የሚመነጠር ደን

ቀዳዳው በግልጽ የሚታየው በደቡብ ምዕራብ ነው። ካፋ፣ ሸካ፣ ያዩና ማጃንግ የአገሪቱ ትልቁ የተረፈ እርጥብ የተፈጥሮ ደን የሚገኝባቸው ናቸው። ካፋና ያዩ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ሸካ በ2012፣ ማጃንግ በ2017 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግበዋል። የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ እንደ ብሔራዊ ፓርክ ሰውን ከውጭ የሚያስቀር አጥር አይደለም። ሦስት ቀለበት አለው፦ የማይነካ እምብርት፣ ቡናና ማር የሚለቀምበት መካከለኛ ክልል፣ እርሻና መኖሪያ ያለበት ውጫዊ ክልል። ካፋ ብቻውን 760,000 ሄክታር ይሸፍናል፤ የማይነካው እምብርቱ ግን ከጠቅላላው ትንሹ ክፍል ነው። ስለዚህ የደኑ ዕጣ የሚወሰነው በመካከለኛው ክልል፣ ሰው እየሠራ በሚኖርበት ደን ውስጥ ነው።

እዚያ የሚሆነውን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በዚህ አካባቢ ቡና በዱር ይበቅላል። ገበሬው ማንም ሳይተክለው የበቀለውን ብቻ ከለቀመ የጫካ ቡና ይባላል፤ ምርቱ ግን ጥቂት ነው። ምርት ለመጨመር በክረምቱ ማብቂያ ግድም፣ ቡናው ከመለቀሙ በፊት፣ ገጀራ ይዞ ይገባና ከቡናው ጋር የሚሻማውን ቁጥቋጦ፣ ሐረግና ቡቃያ ይመነጥራል። ጥላ የሚያበዙትን ዛፎችም ያሳሳል። ሰሳ፣ ዋንዛ፣ ብርብራ ይተርፋሉ፤ ጥላቸው ሳሳ ያለና ለቡና የሚመች ነው። ይህ ከፊል የጫካ ቡና ነው፤ በአካባቢው የሰፋውም አሠራር ይህ ነው።

ከላይ ለሚያየው ሳተላይት የቀነሰ ነገር የለም። የቅጠል ጣራው ከ20 በመቶ እጅግ በላይ ነው፤ ደኑ ደን ሆኖ ይመዘገባል። ከሥር ግን የቀረሮ፣ የዝግባ፣ የሌሎችም ትላልቅ ዛፎች ቡቃያ ጉልበት ሳይደርስ በየዓመቱ ይታጨዳል። አሮጌው ዛፍ በዕድሜው ሲወድቅ የሚተካው የለም። በደቡብ ምዕራብ የተካሄዱ ጥናቶች ደጋግመው ያገኙት ይህንን ነው፦ ምንጣሮው በበረታበት ደን የዛፍ ዝርያ፣ ሐረግ፣ በሌላ ዛፍ ላይ ተንጠላጥሎ የሚኖር ዕፅዋትም ይቀንሳል።

የተንጠላጣዮቹ ነገር የጌጥ ጉዳይ አይደለም። የማሻና የቦንጋ ነጭ ማር የሚገኘው ጌተም ከሚባለው ዛፍ አበባ ነው። ጌተም ብዙ ጊዜ ሕይወቱን የሚጀምረው መሬት ላይ ሳይሆን ዕድሜ ጠገብ በሆነ ሌላ ዛፍ ላይ ተጣብቆ ነው፤ ቆይቶ ሥሩን ወደ መሬት ይሰዳል። ትልልቁ ዛፍ ሳይተካ ከቀረ ጌተሙ የሚያድርበት ያጣል፤ ከጌተሙ ቀጥሎ ንቧ፣ ከንቧ ቀጥሎ ቀፎ ሰቃዩ ነው የሚጎዳው። ብዝኃ ሕይወት የሚባለው እንዲህ ያለው ትስስር ነው፤ የዝርያዎች ብዛት ብቻ ሳይሆን በአንዱ ዝርያ ውስጥ ያለውን የዘር ልዩነትና የዝርያዎቹን ዝምድና ጭምር ያካትታል።

74110 የሚል ስም ያለው ቡና

የዘር ልዩነት የሚለው ቃል ለብዙ አንባቢ ከወረቀት አይወርድም። ቡና ግን ያወርደዋል።

እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ (በተለምዶ ሲቢዲ) ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። ፍሬውን በለጋነቱ እያጠቆረ የሚያረግፍ ፈንገስ ነው። ተመራማሪዎች መድኃኒት ፍለጋ ርቀው አልሄዱም፤ በሽታው በገባባቸው የደቡብ ምዕራብ ደኖችና ማሳዎች ውስጥ ሳይታመሙ የቆሙትን የቡና ዛፎች እየለዩ ዘር ሰበሰቡ። ዛሬ በየችግኝ ጣቢያው የሚባዙት፣ በውጭ ገበያ በቡና ከረጢት ላይ ሳይቀር የሚጻፉት 74110 እና 74112 የዚያ ሥራ ውጤቶች ናቸው። መነሻው 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፤ እ.ኤ.አ. 1974። የ74110 እናት ዛፍ የተገኘችው በኢሉባቦር፣ መቱ አካባቢ ነው። ያ ደን ባይኖር የሚመረጥ ዛፍ አይኖርም ነበር።

አረቢካ ቡና ከሁለት ሌሎች የቡና ዝርያዎች መዳቀል የተገኘ በመሆኑ ከጥንቱም የዘር ልዩነቱ ጠባብ ነው። ከአገር ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው ደግሞ ከጥቂት ዛፎች የተራባ ነው። ሰፊው ልዩነት ያለው በኢትዮጵያ ደኖችና በአጎራባቹ የደቡብ ሱዳን ቦማ ከፍታ ላይ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ከ124 የዱር ቡና ዝርያዎች 60 በመቶው የመጥፋት አደጋ እንደተደቀነባቸው አሳየ፤ የዱር አረቢካም ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ተመዘገበ። ዘሩን ሰብስቦ ማስቀመጥ አይቻልም ወይ? በከፊል ብቻ። የቡና ዘር እንደ ስንዴና ገብስ ደርቆ በማቀዝቀዣ ለረጅም ዓመታት አይቀመጥም። የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት በጅማ ዞን ጮጬ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ናሙናዎችን የያዘው በማሳ ላይ በቆሙ ዛፎች ነው። እነዚህ ዛፎች ይጠብቃሉ እንጂ እንደ ደኑ ከአየሩና ከበሽታው ጋር እየታገሉ አይለወጡም።

እዚህ ላይ የሚያስገርም ነገር አለ። ከደን የተገኙት የተሻሻሉ ዝርያዎች ተመልሰው ወደ ደን እየገቡ ነው። ያረጀ ቡና ይጎነደላል ወይም ይነቀላል፣ በቦታው ከችግኝ ጣቢያ የመጣው ይተከላል። ንብ የአዲሱን ወንዴ ዘር ወደ ዱሩ ትወስዳለች። የዘረመል ጥናቶች በዱር ቡና መካከል የተሻሻሉ ዝርያዎች ደም መቀላቀሉን አግኝተዋል። 74110ን የሰጠን ዓይነት ደን በ74110 ሊተካ ነው ማለት ነው። ቀጣዩ በሽታ ሲመጣ ደግሞ የሚፈለገው 74110 ሳይሆን እስከ ዛሬ ማንም ቁጥር ያልሰጠው ዛፍ ነው።

ደብሩና ተራቁቶ የነበረው ተራራ

ይኸው ሕመም በሌላ መልክ በደቡብ ጎንደርና በጎጃም ይታያል። በእርሻ በተከበበው አገር የአገሩ በቀል ዛፎች የቀሩት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው፤ አብዛኛው የጥቂት ሄክታር ስፋት ያለው። ዛፍ ቆራጭ አይደፍረውምና ተጠብቋል ይባላል፤ እውነትም ነው። ይሁንና የደን ተመራማሪው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው ወደ መሬቱ ዝቅ ብለው ሲያዩ ከዛፎቹ ሥር የሚያድግ ቡቃያ ጥቂት ሆኖ አገኙት። ገጀራ አልነካውም፤ የሚበላውና የሚረግጠው ከብት ነው። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ፦ ከአካባቢው ማሳ የሚለቀም ድንጋይ ተካብቶ አጥር ይሆናል። ገበሬው ለእርሻ የሚያስቸግረውን ድንጋይ ያራግፋል፣ ደብሩ ቅጥር ያገኛል።

ተቃራኒው ምሳሌ ወላይታ ውስጥ ሁምቦ ነው። ለዓመታት ተመንጥሮ ገላጣ የሆነ ተራራ ነበር፤ በማንኛውም ሠንጠረዥ ደን አይባልም። ከመሬቱ በታች ግን የተቆረጡት ዛፎች ጉቶና ሥር አልሞተም ነበር። 2,728 ሄክታር ከከብትና ከመጥረቢያ ተከልሎ፣ ከየጉቶው ከሚያቆጠቁጠው መካከል ጠንካራው እየተመረጠ ሌላው እየተገረዘ አደገ። ችግኝ የተተከለው በተወሰነ ቦታ ብቻ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 በዓለም አቀፉ የካርቦን ንግድ ሥርዓት ተመዝግቦ ለሰባት የገበሬ ማኅበራት ገቢ አስገኝቷል። እንግዲህ አንዱ ደን ከላይ ለምለም ሆኖ ከሥር ወና ነው፤ ሌላው ከላይ ገላጣ ሆኖ ከሥር ሕያው ነበር። በመቶኛ የሚመዝን ሰው ሁለቱንም ይስታቸዋል።

የገበሬው ክርክር

ከዚህ ተነስቶ ቡና አምራቹን ደን አጥፊ ማለት ግን ሚዛናዊ አይደለም፤ መረጃውም አይደግፈውም። የዱር ቡና የሚበቅለው በግምት ከ1,000 እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ነው። በደቡብ ምዕራብ የተደረገ ጥናት ቡና በሚሆንበት ከፍታ ያለው ደን፣ ቡና ከማይወጣበት ከፍ ያለ ቦታ ይልቅ ከመጨፍጨፍ መትረፉን አሳይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቡና የሌለበት ደን ለገበሬው ገና ያልታረሰ ማሳ ነው፤ ቡና ያለበት ደን ግን በየዓመቱ ገንዘብ ይሰጣል። በጅማ ዞን በለጠ ጌራ የጫካ ቡና የምስክር ወረቀት አግኝቶ በተሻለ ዋጋ ሲሸጥ ደኑ ከሌላው ያነሰ መጎዳቱ በሳተላይት ምስል ተረጋግጧል። ሳተላይቱ ከሥር ያለውን አያይም የሚለው ቅሬታ እዚህም እንዳለ ነው።

የችግኝ ተከላው ደጋፊዎችም የሚናገሩት የሚናቅ አይደለም። አብዛኛው ቤተሰብ የሚያበስለው በማገዶ ነው። በየደጁ ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ ካለ ወደ ተፈጥሮ ደን የሚገባው መጥረቢያ ይቀንሳል፤ አቮካዶና የጓሮ ቡና ደግሞ ለኑሮ ይደጉማል። ክርክሩ የሚበላሸው የተተከለው ለጠፋው ምትክ ተደርጎ ሲቆጠር ነው። የተጨፈጨፈ የሸካ ደን በሰሜን ሸዋ በተተከለ ችግኝ አይካካስም። ለማገዶ የተተከለውም የሚመሰገነው ለማገዶነቱ ነው።

ደኑን በብዛት እያጠፋ ያለው ደግሞ ሌላ ነው፦ እየሰፋ የሚሄደው እርሻ፣ ከሌላ አካባቢ የሚመጣ ሰፈራ፣ በሸካና በማጃንግ ደግሞ ለሻይና ለቡና ልማት የተሰጠ ሰፊ መሬት።

የአውሮፓ ሕግና የካርቦን ገንዘብ

ሁለት የውጭ ጉልበቶች ወደዚህ ደን እየገቡ ነው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2023 የጸደቀው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ነው። ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደን ተመንጥሮ ከተገኘ መሬት የመጣ ቡና ኅብረቱ ገበያ አይገባም፤ ላኪው የእያንዳንዱን ማሳ የቦታ መጋጠሚያ ማቅረብ አለበት። ተፈጻሚነቱ ደጋግሞ ቢራዘምም ዝግጅቱ አልቆመም። ለግማሽ ሄክታር ባለይዞታዎች አገር የማሳ ካርታ ማንሳት ራሱን የቻለ ሸክም ነው፤ ወጪው ማን ላይ ይወድቃል የሚለው ገና አልለየለትም።

ስለ ብዝኃ ሕይወት ካየነው ሕጉ የሚጠቀመው በፋኦው ዓይነት ትርጉም ነው። የደን መመናመን የሚለውም የተፈጥሮ ደን ወደ ተተከለ ደን ወይም ወደ ሌላ እንጨታማ መሬት ሲለወጥ ነው። ስለዚህ ከ2020 በኋላ አንዲት ጥማድ የመነጠረ ገበሬ ይታገዳል፤ ጣራውን ጠብቆ ከሥር ያለውን ሁሉ በየዓመቱ የሚያጭደው ያልፋል። ይህን የምለው ሕጉን ለማጣጣል አይደለም፤ ግልጽ ጭፍጨፋን ሊገታ ይችላል። ከዚያ ያለፈ መጠበቅ ግን የዋህነት ነው።

ሁለተኛው ካርቦን ነው። ኦሮሚያ እ.ኤ.አ. በ2023 ከዓለም ባንክ ጋር በተፈረመው ስምምነት እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ክፍያ ለማግኘት 4 ሚሊዮን ቶን የካርቦን ልቀት መቀነስ ይጠበቅባታል። ካርቦን የሚለካው በግንድ ውፍረትና በቁመት ነው። በዋናነት የቀርከሃ ቅጠል የሚመገበው የባሌ ጦጣ በዚያ ስሌት ውስጥ ቦታ የለውም።

ለአንድ ገበሬ ሦስት መካሪ

ሕገ መንግሥቱ የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ሕግ ማውጣትን ለፌዴራል፣ ማስተዳደርን ለክልሎች ሰጥቷል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን በማለት አራት ባለቤትነትን አውቋል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ቀድሞ የማኅበረሰብ ድርሻ ደብዛዛ ነበር። ካፋና ሸካ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች፣ ያዩ በኦሮሚያ፣ ማጃንግ በጋምቤላ ክልል ሥር ናቸው። ዱር ቡናውም ወንዞቹም ይህን ወሰን አያውቁትም።

ከወሰኑ በላይ የሚያስቸግረው ግን የምክሩ መለያየት ነው። የቡናና ሻይ ባለሥልጣን በሄክታር የሚገኘው ምርት እንዲጨምር ይሻል፤ ለዚህም ጉንደላና የተሻሻለ ዝርያ ይመክራል። የደን ልማት መሥሪያ ቤቱ የቅጠል ጣራው እንዳይነካ ይፈልጋል። የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩቱ ደግሞ የዱሩ ቡና ከሌላ እንዳይቀላቀል ይሻል። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ ሦስቱም የሚደርሱት ገበሬ ግን አንድ ነው፤ ከሦስቱ ምክሮች በዓመቱ መጨረሻ ገንዘብ የሚሆነው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በጭሊሞ፣ በቦንጋ፣ በአዳባ ዶዶላ የተሞከረው አሳታፊ የደን አስተዳደር ለዚህ የተሻለ መነሻ ይሰጣል። መንግሥትና የደኑ ተጠቃሚዎች ውል ይፈርማሉ፤ ተጠቃሚው ደኑን ይጠብቃል፣ ከውስጡ ለመጠቀም መብት ያገኛል። በአዳባ ዶዶላ ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር ደን እየታሰበ የአንድ ማኅበር አባላት ከ30 እንዳይበልጡ ተደርጎ ነበር፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ደኑ ሊያኖራቸው አይችልም ከሚል ስሌት ነው። በካፋና በሸካ ቤተሰቦች ቀፎ የሚሰቅሉበትን የደን ክፍል በኮቦ ሥርዓት ተከፋፍለው መኖራቸውም የዚህ ዓይነት ውል ለአካባቢው እንግዳ አለመሆኑን ያሳያል።

እነዚህ ውሎች የሚከለክሉት በአብዛኛው መቁረጥን ነው። ስለ ምንጣሮ የሚደነግግ አንቀጽ ቢጨመርባቸው፣ ለምሳሌ ከይዞታው የተወሰነው ክፍል በየተራ ለጥቂት ዓመታት ሳይመነጠር እንዲቆይ፣ በሌላውም ላይ ምልክት የተደረገበት የቀረሮና የዝግባ ቡቃያ ገጀራ እንዳይነካው ቢደረግ፣ የሚጠይቀው ወጪ ከችግኝ ጣቢያ ጋር አይወዳደርም። ቡቃያው በራሱ የበቀለ፣ አፈሩን የለመደ፣ ውኃ የማያሻው ነው። ምንጣሮው የሚደርሰው ደግሞ የተከላው ዘመቻ ገና ባለቀበት ሰሞን ነው። ከችግኝ ጣቢያ ስላልወጣ ግን ያ ቡቃያ ቢተርፍም ቢታጨድም በየትኛውም የወረዳ ሪፖርት ላይ አይመዘገብም።